ፕሬዳተር 24፦ የቤካም ታኬታ ለየትኛው የመስመር ተጫዋች ይሆናል?

አዲዳስ ፕሬዳተር የተባለውን ታኬታ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ ያዋለው በ1994 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ30ኛ ዓመቱ፣ በ2024 መጀመሪያ፣ ፕሬዳተር 24 ሲወጣ ተጣጣፊው ትልቅ ምላስ አብሮት ተመለሰ። ይህን ምላስ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ስም ዴቪድ ቤካም ነው። ብዙ ወጣት የመስመር ተጫዋቾችም ጫማውን የሚገዙት እንደ እሱ እናሻማለን ብለው ነው። ስለዚህ ጫማውን ከቤካም የእግር ኳስ ሕይወት ነጥሎ መገምገም አይቻልም።

ፍርዱን ከመጀመሪያው እንናገር። ኳስ አቁሞ ወይም በአንድ ንክኪ አስተካክሎ ለሚያሻማ፣ ማዕዘን ምትና ቅጣት ምት ለሚመታ ተጫዋች ፕሬዳተር 24 በጣም ጥሩ ታኬታ ነው። መስመሩን ይዞ በፍጥነት ለሚሮጥ፣ አብዶ ለሚሠራና ኳስ ከእግሩ ሥር ለማይለይ ተጫዋች ግን ከዚህ የተሻሉ ሌሎች ጫማዎች አሉ። ጫማው ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ራሱ ኳስ ያጥፋል የሚለው ወሬ ደግሞ ልክ አይደለም። ይህንንም ከቤካም በላይ የሚያስረዳ ተጫዋች የለም።

ቤካም የቀኝ መስመር ተጫዋች ይባል እንጂ ተከላካይን በሩጫ ጥሎ የሚያልፍ አልነበረም። ተከላካዩን ማለፍም አያስፈልገውም ነበር። ኳሱን ግማሽ እርምጃ ወደ ውጭ ፈንጠር ያደርግና የቡድን ጓደኛው ጋሪ ኔቭል ከኋላው ደርቦ ሲሮጥ፣ ተከላካዩ ማንን ልከተል እያለ በሚያመነታባት ቅጽበት ወደ ሳጥኑ ይልካታል። አጥቂዎቹ ዶዋይት ዮርክና አንዲ ኮል ሩጫቸውን የሚጀምሩት ኳሱ ከመመታቱ በፊት ነበር፤ የት እንደምታርፍ ያውቃሉና። ለማንቸስተር ዩናይትድ በ394 ጨዋታ 85 ጎል አስቆጥሯል፤ በፕሪሚየር ሊግ በቀጥታ ከቅጣት ምት ያገባቸው 18 ጎሎችም የሊጉ ክብረ ወሰን ናቸው። በ1995 ለፕሬስተን በውሰት ሄዶ በመጀመሪያ ጨዋታው በቀጥታ ከማዕዘን ምት አገባ። በ1999 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ባርሴሎና ከተማ ውስጥ፣ ባየርን ሙኒክን የገለበጡት ሁለቱ የጭማሪ ሰዓት ጎሎች የተነሡት እሱ ካሻማቸው ሁለት ማዕዘን ምቶች ነው። በ1998 ኮሎምቢያ ላይ፣ በ2006 ኢኳዶር ላይ በዓለም ዋንጫ ያገባቸውም ሁለቱም ቅጣት ምቶች ናቸው።

ከ18ቱ ቅጣት ምቶች ጀምሮ ከተዘረዘሩት ጎሎች ውስጥ በሩጫና በአብዶ የተገኘ አንድም የለም። ሁሉም ኳስ ቆማ የተመታችባቸው ናቸው፤ ይህ ጫማ ዋጋውን የሚያወጣውም እዚያው ላይ ነው።

የጫማው አመጣጥም ወደዚያው ይመራል። ሐሳቡ የክሬግ ጆንስተን ነው፤ ከ1981 እስከ 1988 ለሊቨርፑል የተጫወተ አማካይ ነበር። የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ ላይ ያለውን ላስቲክ አይቶ ለምን ጫማ ላይ አይለጠፍም አለ። አዲዳስ መጀመሪያ አልተቀበለውም። ጆንስተን ግን የቀድሞዎቹን የጀርመን ኮከቦች ቤከንባወርን፣ ሩሜኒገንና ብራይትነርን በረዶ ላይ ኳስ እያስመታ ቀረጻቸውና ፊልሙን ለአዲዳስ ሰዎች አሳያቸው። ያን ጊዜ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ልብ ይባል፤ ማሳመኛው በረዶ፣ እርጥበትና የሚያንሸራትት ኳስ ነበር። ላስቲኩ ዛሬም እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ። ቤካም በጥቅምት 2001 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ግሪክ መረብ ውስጥ በ93ኛው ደቂቃ የከተታት፣ እንግሊዝን ለ2002 የዓለም ዋንጫ ያበቃችውን ቅጣት ምት የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተዋታል። ርቀቷ 27 ሜትር ያህል ነው። ከእግሩ ስትወጣ በሰዓት 129 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበር ነበር፤ ወደ ጎን ከ2 ሜትር በላይ ታጠፈች፤ በጉዞዋ ሁለተኛ አጋማሽ ፍጥነቷ ወደ 68 ኪሎ ሜትር ወረደና ድንገት ቁልቁል ወደቀች። ይህን የሚያደርገው የኳሱ ሽክርክሪትና በላዩ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። ሽክርክሪቱ ከየት መጣ? ጃፓናዊው ታኬሺ አሳይ ከሼፊልድ ባልደረቦቹ ጋር በ2002 ባሳተመው ጥናት በጫማና በኳስ መካከል ያለው ሰበቃ ወደ ዜሮ ቢጠጋ እንኳ ኳሱ እንደሚሽከረከር አሳይቷል፤ ከመሐሉ ስንት ፈቀቅ ብሎ እንደተመታ ከሰበቃው ይልቅ ትልቅ ድርሻ አለውና። ስለዚህ ደረቅ ኳስ በደረቅ ሜዳ ላይ የሚመታ ሰው ከላስቲኩ ትልቅ ልዩነት መጠበቅ የለበትም። ዝናብ ሲጥል ወይም ሣሩ ጠል ሲይዝ ግን ለስላሳ ጫማ ኳሱ ላይ ሸርተት ይላል፤ ላስቲኩ ይይዛል። ከምንም በላይ የሚረዳው ምቱ በየጊዜው አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው።

ለቀኝ እግር ተጫዋች አመታቱ እንዲህ ነው። ወደ ኳሱ የሚሄዱት ከግራ በኩል ሰያፍ ይዘው፣ በግምት 45 ዲግሪ ነው። ግራ እግር ከኳሱ ጎን አንድ ጫማ ያህል ርቆ ይተከላል፤ ጣቶቹ ወደ ዒላማው ያያሉ። ግራ ክንድ ወደ ጎን ሰፍቶ ይወጣል፤ የቤካም ፎቶግራፎች ሁሉ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ክንዱ ለማማር የወጣ አይደለም። ቀኝ እግር በኃይል ሲመጣ ሰውነት እንዳይዞር ሚዛን ይጠብቃል። ደረት ወደ ግራ ያዘነብላል። ኳሱ የሚመታው ከመሐሉ በታችና ወደ ቀኝ ባለው ክፍል ነው፤ ጫማው የሚነካውም ከአውራ ጣት መገጣጠሚያ እስከ እግር ጀርባ መጀመሪያ ባለው ቦታ። ኤሊት በተባለው የጫማው ከፍተኛ ደረጃ ላይ እንደ ክንፍ ብቅ ያሉት ላስቲኮች (ክንፎቹ) በብዛት የተደረደሩት እዚህ ላይ ነው፤ ቦታው በትክክል ተመርጧል።

ኳሱ ከአግዳሚው በላይ የሚሄድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ወደ ኋላ መጋደል ነው፤ የተተከለው እግር ከኳሱ ኋላ ሲቀርም ያው ይሆናል። ተተኳይዋ ኳስ ዝቅ ብላ የመጀመሪያውን ተከላካይ የምትመታ ከሆነ እግሩ ለኳሱ በጣም ቀርቧል። ኳሱ እየተሽከረከረ ኃይል ካጣ ደግሞ መሐሉን ብዙ ርቀው እየጠረጉት ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም ጫማ አያስተካክልም።

አዲስ ጥንድ የገዛ ሰው የሚሞክርበት ጥሩ መንገድ አለ። ከጎን መስመር አጠገብ፣ ከሳጥኑ ትይዩ ቆሞ በአሮጌው ጫማ አሥር፣ በአዲሱ አሥር ኳስ ወደ ሁለተኛው ቋሚ ማሻማት፤ ከዚያ ኳሱን ውኃ ነክሮ መድገም። ልዩነቱ በእርጥቡ ኳስ ላይ ይታያል። በደረቁ ላይ ካልታየ ጫማው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ስለ ደረጃዎቹ። ኤሊት፣ ሊግና ክለብ የሚሉ አሉ። በኤሊቱ ላይ ክንፎቹ ለብቻ የተሠሩና ከላይ ከፍ ያሉ ላስቲኮች ናቸው፤ ወደ ታች ሲወረድ ከፍታቸው እየቀነሰ በክለብ ላይ በጫማው ላይኛ ክፍል ላይ ከተቀረጸ ሸካራ ቅርጽ ብዙም አይለይም። ክለብ የሚገዛ ሰው የሚገዛው መልኩን ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚጫወት ሊጉ ይበቃል፤ ገንዘብ ለሚቆጥብ የምንመክረውም እሱን ነው። ኤሊቱ ዋጋውን የሚያወጣው በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ልምምድ ላለውና የቡድኑን ቆሞ ኳሶች ለሚመታ ነው። ያለ ማሰሪያ የሚጠለቀው ዓይነት ሲጠለቅ ጥብቅ ይላል፤ ጠባብ እግር ላለው ግን እያደር ሲላላ የሚያጠብቅበት ክር ስለሌለው ተረከዙ ይንሸራተታል። የመስመር ተጫዋች የሚቆመው በተረከዙ ስለሆነ ክር ያለውን እንዲመርጥ እንመክራለን።

ምላሱስ? ሲታጠፍ የክሩን ቋጠሮ ይሸፍንና ኳሱን ለምትመታበት ቦታ ወጥ የሆነ ገጽ ይሰጣል። የቀድሞዎቹ ፕሬዳተሮች የተወደዱት በዚሁ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። በዝናብ ጊዜ ውኃ ይይዛል፤ ክር በጨዋታ መሐል ከተፈታ ደግሞ ምላሱን አንሥቶ ማሰር ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ድርብ ቋጠሮ ቋጥሮ ጫፎቹን ከምላሱ ሥር መክተት ያስፈልጋል። ምላሱ እግርን ከርግጫ ይከላከላል ብሎ የሚያስብም አለ፤ አይከላከልም። ቤካም በሚያዝያ 2002 ከዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ጋር ሲጫወት በአልዶ ዱሸር ጥፋት የግራ እግሩ ሁለተኛ የፊት አጥንት ተሰብሮበታል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሳፖሮ ውስጥ አርጀንቲናን ያሸነፉበትን ፍፁም ቅጣት ምት ያገባው ከዚያ ጉዳት አገግሞ ነው። የታኬታ ላይኛ ክፍል፣ የቱም ቢሆን፣ የሚቀጥን እንጂ ጋሻ የሚሆን አይደለም። የሚከላከለው የቅልጥም መከላከያና ጥሩ ካልሲ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሶሉ ላይ ነው። ሰዎች ቀለሙን፣ ምላሱንና ዋጋውን አይተው ይገዛሉ፤ ሶሉ ለየትኛው ሜዳ እንደሆነ አይጠይቁም። መለያው ላይ ኤፍጂ የሚል ካለ ለተፈጥሮ ሣር፣ ለደረቅና ለጠንካራ መሬት ነው። ኤስጂ ለረጠበና ለስላሳ ሣር ሲሆን ከፊሎቹ ጥርሶች የብረት ናቸው። ኤጂ ለሰው ሠራሽ ሣር፤ ጥርሶቹ አጠር ያሉና በቁጥር በዛ ያሉ ናቸው። ቲኤፍ የሚለው አጫጭር ብዙ የላስቲክ ፍሬዎች አሉት፤ አሮጌና ጠንካራ ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ይሆናል።

አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ውስጥ በሰዓት የሚከራይ ሜዳ ላይ የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው። ኤፍጂ ጫማ እዚያ ላይ ሲገባ ረዘም ያሉት ጥርሶች በሣሩ ክርና በላስቲክ ጥራጥሬው ውስጥ ተነክሰው ይቀራሉ። እግር ሲቀር ሰውነት ይዞራል፤ ጫናውን የሚቀበለው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው። ለሚያሻማ ተጫዋች ይህ የከፋ ነው። ኳሱን የሚመታው ቀኝ እግር ቢሆንም መላ ሰውነቱ የሚዞረው በተተከለው ግራ እግር ላይ ስለሆነ ያ እግር ትንሽ ለመዞር ነፃነት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ቅጣት ምት ለሚለማመድ ኤጂ ወይም ቲኤፍ የግድ ነው። በዚያ ላይ ሜዳው በፀሐይ ይግላል፤ ጥርሱን ከሥሩ ይፍቀዋል፤ የሶሉን ማስቲሽ ያላላል። ብዙ ሻጮች በእንዲህ ያለ ሜዳ ተለብሶ ሶሉ የተገነጠለ ኤፍጂ ሲመለስ አይቀበሉም፤ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው ይላሉ። ከመክፈል በፊት መለያውን ማንበብ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ኤስጂ የሚገዛ ሰው ከጫማው ጋር የሚመጣውን የጥርስ መፍቻ እንዳይጥለው። የሚፈቱት ጥርሶች በየጨዋታው በፊት መጥበቅ አለባቸው፤ ላልቶ የሚጫወቱበት ጥርስ ጥርሱ የሚገባበትን ክር ያበላሻል፤ ያ ከተበላሸ ደግሞ መጠገን አይቻልም።

ልኩን በተመለከተ፣ እግር የሚለካው ወደ ማታ፣ ቆሞ፣ የጨዋታ ካልሲ አድርጎ ነው። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲ ሜትር ይለካና 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨመራል። አዲዳስ ላይ 26.5 ሴንቲ ሜትር ማለት በእንግሊዝ ቁጥር 8፣ በአውሮፓ 42 ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑ በትልቁ ይገዛል። ፕሬዳተር ለመካከለኛና ለጠበብ ያለ እግር ይስማማል፤ ሰፊ እግር ያለው ሰው ቁጥር ጨምሮ መግዛቱ መፍትሔ አይሆነውም፤ ጣቶቹ ፊት ላይ ይቀመጡና ተረከዙ ይንሸራተታል። የድሮዎቹ ቆዳ ስለነበሩ እየተለበሱ ይሰፉ ነበር፤ የአሁኑ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ የጠበበው በኋላም ጠባብ ነው። ቤት ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል እያደረጉ ካለማመዱት በኋላ ወደ ልምምድ፣ ከዚያ ወደ ጨዋታ ማስገባት ነው። አዲስ ጫማ አድርጎ ሙሉ 90 ደቂቃ የተጫወተ ሰው ተረከዙን ማላጡ የማይቀር ነው።

ኮፒው በየገበያው ስላለ መለየት ያስፈልጋል። በኦሪጅናል አዲዳስ ምላስ ወይም ጎን ውስጥ ያለችው ትንሽ ጨርቅ ላይ የተጻፈው ተከታታይ ቁጥር በግራና በቀኝ ጫማ የተለያየ ነው። ኮፒ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የምርት ቁጥሩ ደግሞ ከካርቶኑ ጋር መግጠም አለበት። ክንፎቹን በጥፍር ጫፍ ገፋ ማድረግም ይረዳል፤ እውነተኛው ይታጠፍና ይመለሳል፤ ኮፒው ብዙ ጊዜ ጠጣር ፕላስቲክ ነው ወይም በቀለም የተሳለ። ማስቲሹ በአፍንጫ ከሩቅ የሚሸት፣ ሶሉ ከላይኛው ጋር ሲገናኝ ክፍተት ያለው ከሆነ መተው ይሻላል። ኮፒ ታኬታ የሚጎዳው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሶሉ ትክክለኛ ቦታ ላይ ስለማይታጠፍ የእግር ሥርን ያሳምማል።

እንክብካቤው ከላስቲኩ ይጀምራል። አቧራ የላስቲክ ጠላት ነው። ክንፎቹ በደቃቅ አፈር ሲሸፈኑ ኳሱን አይዙም፤ ያን ጊዜ ለስላሳ ጫማ ከመልበስ አይለይም። በአቧራማ ሜዳ ላይ የሚጫወት ሰው እርጥብ ጨርቅ ይዞ በእረፍት ሰዓት ክንፎቹን ይጥረግ፤ በተለይ ቆሞ ኳስ ለመምታት የሚሄድ ከሆነ። ጭቃ በክንፎቹ መሐል ሲደርቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና ለብ ባለ ውኃ ይወጣል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ማስገባት፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም እሳት ዳር ማድረቅ ማስቲሹን ያለሰልሰዋል፤ ሶሉ ከጫፉ መላቀቅ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ጋዜጣ ወይም ወረቀት ውስጡ ጠቅጥቆ ጥላ ላይ ማሳደር ነው፤ ወረቀቱ ውኃ ሲጠጣ በሌላ መቀየር። ሲያወልቁም ክሩን ፈትቶ ነው፤ አንዱን ተረከዝ በሌላው ጫማ ጥርስ ረግጦ ማውለቅ የተረከዙን ጠንካራ ክፍል ይሰብራል።

ከጊዜ በኋላ መጀመሪያ የሚላቀቀው ክንፍ አውራ ጣት አጠገብ ያለው ነው፤ ጫማው ሲታጠፍ እሱም አብሮ ስለሚታጠፍ። ሱፐር ግሉ አይደረግበትም፤ ሲደርቅ ጠጣር ስለሚሆን በመጀመሪያው ሩጫ ይሰነጠቃል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይሻላል። ሁለቱንም ገጽ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ፣ በሁለቱም ላይ ስስ አድርጎ መቀባት፣ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ በኃይል ተጭኖ ማጣበቅና 24 ሰዓት ሳይነኩ መተው። ሁለትና ሦስት ክንፍ ከተላቀቀ ይህ ይበቃል፤ ከግማሽ በላይ ከተላቀቀ ግን ጫማው የሚያሻማበትን ገጽ አጥቷልና ለልምምድ ብቻ ይቀመጥ።